ልጆችን ለኳስ ወደ ደምቢያ ስትወስዱ፣ ውሻውንም ቤት ስትተዉ

አንድ ዓመት ጥር መጨረሻ ላይ የሰፈራችንን ልጆች ለወዳጅነት ጨዋታ ከጎንደር ወደ ደምቢያዋ ከተማ ቆላድባ ይዘናቸው ሄድን። ሜዳው ዳር ደርሰን ቦርሳ ሲፈታ፣ የመሃል ተጫዋቻችን ሁለት የግራ እግር ታኬታ ይዞ መጥቷል። አንዱ የራሱ ነው፣ አንዱ የወንድሙ። ወንድሙ ደግሞ ቤት ሁለት የቀኝ እግር ይዞ ቀርቷል። በዚህ እየሳቅን ሳለ ስልኬ ጮኸ። ጎረቤታችን እማማ ናቸው።

«ልጄ፣ ውሻችሁ መኪናውን ተከትሎ ወጣ። ብጠራው ብጠራው አልሰማኝም።»

ቡቺን ያገኘነው በሦስተኛው ቀን ነው። ሳሙና በር አካባቢ አንድ ሱቅ ደጃፍ ተኝቶ፣ አንድ ጆሮው ተነክሶ። ልጆቹ እነዚያን ሦስት ቀናት እንዴት እንዳሳለፏቸው አልነግራችሁም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተመላልሰናል፣ አሁን ነገሩን ለመድነው። የመጀመሪያውን ጉዞ መለስ ብዬ ሳየው የተበላሸው ሁሉ የተበላሸው መንገድ ላይ አልነበረም፣ ገና ከግቢያችን ሳንወጣ ነው። ስለዚህ መመሪያዬ ግማሹ ስለ ቤት ነው።

ቀኑን መምረጥ

ደምቢያ ጥቁር አፈር ነው። ክረምት ላይ ጭቃው ጫማ ከእግር ያወልቃል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ጭቃው እየደረቀ ቢሄድም ወባው የሚበረታበት ወቅት ነው። እኔ የምወደው ከገና በኋላ እስከ የካቲት መጨረሻ ያለውን ጊዜ ነው። መጋቢት ከገባ ፀሐዩ አይቻልም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ ጣና ዳር ግን ወደ 1,800 ሜትር ትወርዳላችሁ። ሙቀት ያልለመደ ልጅ ከእረፍት በኋላ እግሩ እምቢ ይለዋል።

የጥምቀትን ሳምንት ዝለሉት። ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ መኪና አይገኝም፣ ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም። ልጆቹም ቢሆኑ ጥምቀተ ባሕሩን ትተው ኳስ አይመጡላችሁም።

ቅዳሜ ነው እሑድ? እሑድ ግማሹ ቤተሰብ ቅዳሴ አለው። ቅዳሜ ገበያ ነው፣ መንገዱ በሰውና በአህያ ይጨናነቃል። እኛ ቅዳሜን መርጠን ከገበያተኛው ቀድመን እንወጣለን።

አንድ የማይዘለል ነገር፦ የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። ማታ አንድ ጊዜ፣ ሲነጋ አንድ ጊዜ። የምትጠይቁትም በዚያ መስመር የሚሠራ ሹፌር ይሁን። «ችግር የለውም» ከሚል ሰው «ትናንት ማታ ከዚያ ነው የመጣሁት» የሚለውን እመኑ። ሁለት ሹፌሮች የተለያየ ነገር ከነገሯችሁ ቅሩ። ለዚህ ብለን አዘዞ ካለ ሰፈር ጋር ሁልጊዜ ተጠባባቂ ጨዋታ እንይዛለን። ልጆቹ ለግማሽ ሰዓት ያኮርፋሉ፣ ኳስ ሲያዩ ይረሱታል።

ሰው መቁጠር

ሚኒባስ 12 መንገደኛ ይይዛል። ከዚህ ተነሡ። ከሁለት አዋቂ በታች ይዛችሁ አትሂዱ፣ አንድ ልጅ ቢጎዳ አንዱ ከሱ ጋር ሲሆን ሌላው የቀሩትን ይጠብቃል። ስለዚህ የልጆቹ ቁጥር 10 ነው። ሰባት ተጫዋች፣ ሦስት ተቀያሪ። ሰባት ለሰባት የምንጫወተው በዚህ ምክንያት ነው፣ ቁጥሩን የወሰነልን ወንበሩ ነው። ለ11 እና ለ12 ዓመት ልጅ ደግሞ ከ11 ለ11 ይሻላል፣ ኳሱን ቶሎ ቶሎ ያገኘዋል።

«ይጠጋጉ፣ ልጆች ናቸው» የሚል ወላጅ አይጠፋም። አትስሙት። ጉልበት ላይ የተቀመጠ ልጅ ሹፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ የሚያርፈው ከፊቱ ያለው ብረት ላይ ነው።

መኪናውን ኮንትራት ስትይዙ ዋጋውን ብቻ ተነጋግራችሁ አትለያዩ። ጣና ዳር እስካለችው ጎርጎራ ድረስ ነው ወይስ ቆላድባ ብቻ? ሹፌሩ የሚጠብቃችሁ እስከ ስንት ሰዓት ነው? ምሳው በማን ነው? ይኼ ሁሉ ማታውኑ ይለቅ። ጎማውንም በዓይናችሁ እዩት፣ ተጠባባቂውን ጭምር። ሹፌሩ ቅር ይለው ይሆናል። ይበለው።

ከየወላጁ ሁለት ነገር እንቀበላለን፦ ቀን ሙሉ የሚነሣ ስልክ ቁጥርና ልጁ የማይስማማው መድኃኒት ወይም ምግብ። ቁጥሩን በልጁ ክንድ ውስጠኛ ክፍል ላይ በእስክሪብቶ እንጽፈዋለን። ላብ ያደበዝዘዋል፣ እረፍት ላይ ደገም ማድረግ ነው።

ከአስተናጋጆቹ ጋር በስልክ የሚያልቅ ነገር

ዕድሜ፣ የኳስ መጠን፣ የጨዋታ ሰዓት፣ ቅያሪ። እስከ 12 ዓመት ላሉት 4 ቁጥር ኳስ ነው፣ 5 ቁጥሩ የትልልቆቹ ነው። እኛ 25 ደቂቃ ሁለት ጊዜ እንጫወታለን፣ የወጣ ተመልሶ መግባት ይችላል። ዳኛ ከነሱ ወገን ቢሆን ግድ የለም፣ መምህር ቢሆን ደግሞ በጣም ጥሩ። ልጅ መምህር ላይ አይጮህም። አባት ግን ይጮሃል፣ እሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የማልያ ነገር። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ካነሣ ወዲህ የኛ ሰፈር ልጅ ሁሉ የአፄዎቹን ማልያ ነው የሚለብሰው። የደምቢያ ልጆችስ የማን ደጋፊ መሰሏችሁ? በመጀመሪያው ጉዟችን ሁለቱም ቡድን አንድ ዓይነት ለብሶ ተገናኘ። ኳስ የያዘ ሁሉ ለማን እንደሚያቀብል ግራ ገባው። መጨረሻ ላይ የኛዎቹ ማልያቸውን ገልብጠው ለብሰው ተጫወቱ። አሁን ስምንት አሮጌ ነጭ ካኔተራ በፌስታል ይዘን እንሄዳለን። ጀርባው ላይ በማርከር ቁጥር ጽፈንበታል። ሰባቱ 10 ቁጥር ይገባኛል ብለው ስለተጣሉ 10 ቁጥር የሚባል የለም።

የማታው ሥራ

ቦርሳውን ልጁ ራሱ ያዘጋጅ፣ እናንተ ተቀምጣችሁ እዩት። አንድ በአንድ አውጥቶ አልጋው ላይ ይደርድር፦ ታኬታ ግራና ቀኝ፣ ካልሲ፣ ቁምጣ፣ የቅልጥም መከላከያ፣ ለመመለሻ የሚሆን ደረቅ ልብስ፣ ነጠላ ጫማ። ታኬታውን አድርጎ አሥር እርምጃ ይራመድበት። እግር በሁለት ወር ያድጋል። ገና ያልተለማመደበት አዲስ ታኬታ ለጨዋታ ቀን አይሆንም፣ ተረከዙን ይልጠዋል። የቅልጥም መከላከያ የሌለው ልጅ ከካርቶን ቆርጦ ካልሲው ውስጥ ቢከት ከባዶ ይሻላል።

እኔ የምይዘው ቦርሳ ትንሽ ነው። ጎዝ፣ ፕላስተር፣ ሳሙና፣ ሶፍት፣ ሁለት ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የፈሳሽ መተኪያ ዱቄት)፣ አንድ ሊትር ውሃ ለብቻው፣ ብዙ ፌስታል። ፌስታል ሲበዛ አይጎዳም፣ ለምን እንደሆነ መንገዱ ላይ ታዩታላችሁ።

ስለ ቡቺ

የኛ አገር ሰው ውሻን መኪና ውስጥ አያስገባም። ሚኒባስ ውስጥ ውሻ ይዛችሁ ብትገቡ ሹፌሩም አይነዳላችሁ። እኔም አልፈርድበትም፣ አሥር ልጅና አንድ ውሻ በአንድ መኪና የሚሆን ነገር አይደለም። ስለዚህ ውሻ ቤት ይቀራል። ጥያቄው እንዴት ነው።

መጀመሪያ፣ ለጉዞ መዘጋጀታችንን ውሻው ከኛ ቀድሞ ያውቃል። ቦርሳ ሲወጣ፣ ልጆች ሲንጫጩ፣ በር ሲከፈት ሲዘጋ፣ ቡቺ አብሮ ይቅበጠበጣል። ያን ቀን ያመለጠውም በዚህ ነው። ሁለት ልጆች የግቢውን በር ይዘው ሲሰነባበቱ በመሃላቸው ሾልኮ ወጣ። አሁን መኪናው ከመምጣቱ ከአንድ ሰዓት በፊት ከጓሮ እናስገባውና የጓሮውን በር እንዘጋለን። ሲሰናበቱትም አይወድም፣ «ቻው ቡቺ» የሚባል ነገር ከቤት ታግዷል። ልጆቹ ሲመለሱ ይሳሙት።

ሁለተኛ፣ ሰንሰለት። ቀን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት የታሰረ ውሻ ሰንሰለቱን እንጨት ላይ ጠምጥሞ ከውሃው ይርቃል። ጓሮው ከተዘጋ ፈቶ መተው ይሻላል። የግድ የሚታሰር ከሆነ ጥላው ከጠዋትም ከሰዓት በኋላም የሚደርስበት ቦታ ይሁን። ጠዋት ጥላ የነበረው ቦታ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ምጣድ ነው፣ ራሳችሁ ቆማችሁ እዩት። ውሃው ቀላል ሳህን ላይ ከሆነ ገልብጦት ቀኑን በጥም ያሳልፋል። እኛ ከባድ የሸክላ ድስት ነው ያቆምንለት፣ ጠርዙ ስለተሸረፈ ወጥ አይሠራበትም።

ሦስተኛ፣ ምግብ። እዚህ ላይ ከእማማ ጋር ትንሽ ተከራክረናል። እማማ ለውሻ የሚሰጡት ወጥ የነካው እንጀራ ነው፣ ዕድሜ ልካቸውን ያደረጉት ነው።

«እማማ፣ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው አሉኝ፣ ወጥ ባይሰጡልኝ።»

«አይ ልጄ! የኔ አባት ውሻ በወጥ ነው አሥር ዓመት የኖረው።»

«እሺ፣ የኔን ግን ደረቅ እንጀራ ያድርጉልኝ፣ በሞቴ።»

ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል፣ ተቀቅሎም ቢሆን። ወጣችን ደግሞ ግማሹ ሽንኩርት ነው። የዶሮ አጥንትም አይሆንም፣ ሲሰበር ስለታም ስለሆነ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። በበዓል ማግሥት ሰው ሁሉ ለውሻ የሚወረውረው እሱኑ ነው። ሳንባና ጉበት ከሥጋ ቤት ስትገዙለት ደህና አድርጋችሁ ቀቅሉ። ጥሬው ውስጥ ውሃ የቋጠረ እባጭ የሚመስል የትል ከረጢት ይኖራል። ውሻው ያን ሲበላ ትሉ ሆዱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ደግሞ ዞሮ ልጆች እጅ ላይ ይመጣል። ጾም ሲገባ ሥጋ ቤት ስለሚዘጋ ከጾሙ በፊት ቀቅለን አድርቀን እናስቀምጥለታለን። እማማ ይህን ሲያዩ «ውሻው ቋንጣ በላ!» ብለው ለሰፈሩ አወሩብን።

ለጎረቤት ስትሰጡ የምግቡን ልክ በአንድ ዕቃ ለክታችሁ አስቀምጡ። ቁልፍ፣ የእናንተ ስልክ ቁጥር፣ አንድ ኪሎ ስኳር ወይም ቡና። እማማ አይቀበሉም ይላሉ፣ ሦስት ጊዜ ለምኑ።

አራተኛው ከሁሉ የሚበልጠው ክትባት ነው። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይከተባል፣ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው፣ ጠይቃችሁ ሂዱ። ቡቺ ያን ሦስት ቀን ጠፍቶ ጆሮው ተነክሶ ሲመለስ እንቅልፍ የሰጠን ያ የክትባት ካርድ ነው። ወዲያው ወስደን በድጋሚ አስከተብነው፣ ለአንድ ወር ተኩል ደግሞ ከልጆች ለይተን ጠበቅነው።

ልጅ በውሻ ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፣ ሰዓት ያዙ። ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል። ጠበል አትውሰዱ አልልም፣ እኔም አማኝ ነኝ። ግን መርፌው ይቅደም። ምልክቱ አንዴ ከጀመረ መድኃኒት የለውም።

ስንቅ

በሶ በማር ለውሶ ጭብጦ ማድረግ። አይበላሽም፣ አይፈስም፣ ልጅ በአንድ እጁ ይበላዋል። ሙዝ፣ ዳቦ፣ ቆሎ። ጨዋታው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከሆነ ከባድ ቁርስ 12 ሰዓት ላይ ይብሉ፣ ከዚያ በኋላ ሙዝ ብቻ። ውሃ ለአንድ ልጅ ሁለት ሊትር አስቡ። በየሃይላንዱ ከማከፋፈል አንድ 20 ሊትር ጀሪካንና ስም የተጻፈበት ኩባያ ይሻላል። ለስላሳ መጠጥ ከጨዋታው በፊት አይፈቀድም። ከጨዋታ በኋላ ያሸነፈም የተሸነፈም ይጠጣል፣ ቃላችን ነው።

መንገዱ

ከከተማ ወጥታችሁ አዘዞ ስትደርሱ የባሕር ዳሩን መንገድ ትታችሁ ወደ ደምቢያ ትታጠፋላችሁ። ቆላድባ ከጎንደር 35 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ጎርጎራ 60 አካባቢ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከተነሣችሁ ፀሐዩ ሳይበረታ ትደርሳላችሁ።

የሚያስመልሰውን ልጅ ከጉዞው በፊት እወቁት። እናቱ «ድሮ ነበር፣ አሁን ትቶታል» ትላለች። አልተወውም። ከፊት ወንበር፣ ዓይኑ መንገዱ ላይ፣ መስኮቱ ገርበብ ብሎ። ስልክ ላይ ጌም መጫወት ዋናው ጠላት ነው፣ ዓይን የቆመ ነገር እያየ የውስጥ ጆሮ የመኪናውን እንቅስቃሴ ሲሰማው ሆድ ይገለበጣል። ሎሚ ማሽተት የሚረዳቸው አሉ፣ እኔ አንድ ሁለት ኪሴ ውስጥ አይጠፋኝም። ፌስታሉም እጁ ላይ ይሁን። አንዴ ቦርሳ ውስጥ ነበር፣ እስክናወጣው ድረስ በረኛዋ ማልያ ላይ ወረደ። በረኛዋ ልጄ ናት። ያን ቀን ሦስት ሪጎሬ ያዳነችው ንዴቱ ረድቷት ነው ትላለች።

ሜዳ ላይ

እንደደረሳችሁ ሜዳውን ዙሩት። ድንጋይ፣ ጠርሙስ ስባሪ፣ የከብት ፋንድያ ልጆቹ ተሰልፈው ይልቀሙ፣ የአስተናጋጆቹም ልጆች ይገቡበታል። አሥር ደቂቃ አብረው ድንጋይ ከለቀሙ በኋላ ፀቡ ይቀንሳል፣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ውሃ በየአሥራ ሁለት ደቂቃው። ሳይጠማቸው። ፊቱ ቀልቶ ላብ ያቆመ፣ ወይም ራሴን አዞረኝ ያለ ልጅ ወዲያው ይወጣል፣ ጥላ ሥር ይተኛል፣ አንገቱና ብብቱ በእርጥብ ጨርቅ ይያዛል። አንድ ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ውሃ ነው የሚበጠበጠው፣ በኩባያ ውስጥ የሚበጠብጥ ሰው አይቻለሁ፣ አይሆንም።

ነስር ሲመጣ አዋቂው ሁሉ «ቀና በል!» ይላል። ልክ አይደለም፣ ደሙ ወደ ጉሮሮ ይወርድና ያስመልሳል። ወደ ፊት ጎንበስ ይበል፣ የአፍንጫውን ለስላሳ ክፍል ለአሥር ደቂቃ ይያዝ፣ መሃል ላይ እየለቀቀ አይይ።

አሁን ስለ አባቶች። መስመር ዳር የቆመ አባት ሁሉ አሠልጣኝ ነው። «ምታ!» «አቀብል!» «ተመለስ!» በአንድ ጊዜ። ልጁ የማንን ይስማ? ሥራ ስጧቸው። አንዱ ውሃ ይቅዳ፣ አንዱ ሰዓት ይያዝ፣ በጣም የሚጮኸው ደግሞ ከጎሉ ጀርባ ሆኖ የወጣ ኳስ ያምጣ። ሦስተኛው ኳስ ላይ ድምፁ ይቀንሳል።

ጣና ዳር

ጎርጎራ ስትደርሱ የመጀመሪያው ጥያቄ «እንዋኝ?» ነው። አይዋኙም። ጣና ዳር፣ በተለይ ሣርና ደንገል ባለበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ብልሃርዝያ አለ። ውሃው ውስጥ ካለ ቀንድ አውጣ የሚወጣው የበሽታው ትል በደቂቃዎች ውስጥ በቆዳ ይገባል፣ ቁስል አይፈልግም። እግር መንከርም ያው ነው። ልጆቹን ይህን ስታስረዷቸው አይሰሙም፣ «ጉማሬ አለ» ስትሏቸው ይሰማሉ። ውሸትም አይደለም፣ አለ።

የደንገል ታንኳ ላይ መውጣትም ይለምናሉ። የመንሳፈፊያ ሰደርያ ለሁሉም ከሌለ ከዳር ሆኖ ማየት ይበቃል። ደብረ ሲና ማርያምን ግን አሳዩአቸው። ጣሪያዋ የሣር ክዳን፣ ግድግዳዋ ሥዕል ነው። ከኳስ በኋላ ልጅ እንዲህ ጸጥ ሲል ያየሁት እዚያ ብቻ ነው፣ ምናልባት ደክሟቸውም ይሆናል።

ምሳ ዓሣ ነው። ቆሮሶ ጥብስ እሾሁ ትልልቅ ስለሆነ ለልጅ ይሻላል፣ ቢሆንም ለትንንሾቹ ፈልፍሉላቸው። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ከየወላጁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። እኔ አንዴ ሳልጠይቅ አብልቼ ከአንዲት አያት ጋር እስከ ፋሲካ ተኳርፈን ነበር።

ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ተነሡ። በብርሃን ቤት ለመግባት ነው፣ የወባ ትንኝም የምትናከሰው ከምሽት ጀምሮ ነው።

ቤት ከገባችሁ በኋላ

ልጆቹ ቡቺን ከመሳማቸው በፊት እጃቸውን ይታጠቡ፣ ከሳሙት በኋላም ይታጠቡ። ማልያው በዚያው ማታ ይነከር። በፌስታል ታሥሮ እስከ ሰኞ የቆየ ማልያ ሽታው አይለቅም።

ከዚያ የቀን መቁጠሪያው ላይ የሄዳችሁበትን ቀን ክበቡት። ወባ ከንክሻው በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ቀን ውስጥ ነው የሚታየው። ያኔ ሰው ጉዞውን ረስቶታል፣ «ጉንፋን ነው» ይላል። ልጁ ትኩሳት፣ ራስ ምታት ወይም ብርድ ብርድ ካለው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱትና «ደምቢያ ሄዶ ነበር» በሉ። ለሌሎቹም ወላጆች ደውሉ። እኛ ቤት የቀን መቁጠሪያው ማቀዝቀዣው ላይ ነው የተለጠፈው፣ ከሥሩም የቡቺ የክትባት ካርድ አለ።